ገልባጭ ተሳቢ ከመግዛታችን በፊት



ለአንባቢዎች ደብዳቤ በተመደበው ዓምድ ውስጥ ጥቂት ቦታ እንዲሰጠኝ በትሕትና እየለመንሁ፣ ትንሽ ስለሚመስል ነገር ግን የየከተማውን ገንዘብ ስለሚበላ አንድ ጉዳይ አሳቤን ለመግለጥ እወዳለሁ። ጉዳዩም በትራክተር የሚጎተት የገልባጭ ተሳቢ ግዥ ነው።

ከአዲስ ዓለም ጀምሮ በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ አልፎ እስከ ባኮ ድረስ በአንድ መንገድ ላይ የተደረደሩት የምዕራብ ሸዋ ከተሞች የሚያመላልሱት ጭነት ይመሳሰላል። ይኸውም የየሰፈሩ ቆሻሻ፣ የግንባታ አሸዋ፣ የግንብና የኮብልስቶን ድንጋይ፣ ከክረምት በኋላ ከቦይ የሚጠረገው ደለል ነው። ለዚህ ሁሉ ሲኖትራክ ገልባጭ እንግዛ ማለት ለትንሽ ከተማ አቅም የሚበዛ ነው፤ በጠባብ መንደርም አይገባም። ትራክተርና ተሳቢ ግን ለአጭር መንገድ የተስማማ ነው። አንዱ ተሳቢ ሲጫን ትራክተሩ ሌላውን ይጎትታል፤ ሥራ ሲጠፋም ትራክተሩ ተፈትቶ ወደ ሌላ አገልግሎት ይሄዳል። እስከዚህ ድረስ ከማንም ጋር ክርክር የለኝም።

ክርክሬ ከአገዛዙ ላይ ነው፤ የመንግሥት አገዛዝ ማለቴ ሳይሆን የዕቃ አገዛዝ ማለቴ ነው። በየጋዜጣው የሚወጣውን የጨረታ ማስታወቂያ እንደ ልማድ አነባለሁ። ብዙውን ጊዜ ስለ ተሳቢ የሚጻፈው ስንት ቶን እንደሚጭንና ብዛቱ ብቻ ነው። ዝርዝሩ እንዲህ ሲያጥር ኮሚቴው የሚያወዳድረው ዋጋን ብቻ ይሆናል፤ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበውም ያሸንፋል። አሸናፊው ደግሞ ሕግ አልጣሰም፤ የተጠየቀውን አቅርቧል።

ስሟን በማልጠቅሳት በአንዲት ከተማ በሥራ ላይ ሳለሁ እንዲህ ባለ ግዥ የመጣ ተሳቢ አይቻለሁ። ቀለሙ ያማረ ነበር። አሸዋ ተጭኖ ለመገልበጥ ሲሞከር ግን ካሶኒው እኩሌታ ድረስ ተነሥቶ ቆመ። የቀን ሠራተኞች በአካፋ አራገፉት። በሚቀጥለው ቀንም፣ በሚቀጥለው ሳምንትም እንዲሁ ሆነ። የገልባጭ ዋጋ ተከፍሎበት በአካፋ የሚራገፍ ጋሪ ሆኖ ቀረ፤ ኋላም ከግቢው ጥግ ሣር በቀለበት።

እንግዲህ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ስንት ቶን ይጭናል?» ሳይሆን «ምን እንጭንበታለን?» የሚለው ነው። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ስፋቱ 2 ሜትር፣ ከፍታው 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካሶኒ 4 ሜትር ኩብ ይይዛል። ደረቅ አሸዋ በሜትር ኩብ 1.6 ቶን ያህል ስለሚመዝን ሲሞላ 6.4 ቶን ይሆናል፤ ዝናብ የመታው አሸዋ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ያልታመቀ የከተማ ቆሻሻ ግን በሜትር ኩብ ከ300 ኪሎ ብዙም አይርቅም፤ ስለዚህ ያው ካሶኒ በቆሻሻ ሲሞላ የሚይዘው 1.2 ቶን ብቻ ነው። ለቆሻሻ ብለን ግድግዳውን ወደ 1 ሜትር ብናስረዝመው መልካም ነው፤ ነገር ግን አንድ ቀን አሸዋ ጫኝ መጥቶ እስከ አፉ ቢሞላው ወደ 13 ቶን ይጠጋል፤ አክስሉም ይሰበራል። በእኔ አስተያየት የሚሻለው ዝቅ ያለ ካሶኒ ገዝቶ፣ ለቆሻሻ ጊዜ የሚሰካና የሚነቀል የሽቦ ወንፊት ግድግዳ ማሠራት ነው። ወንፊቱ አሸዋ አይዝምና ጫኙ ልሙላው ቢል እንኳ አይሆንለትም።

ሁለተኛው የአክስሉ ነገር ነው። የፊት እግሩ የሚዞር ባለ አራት ጎማ ተሳቢ ተፈትቶ ሲቆም አይወድቅም፤ በደረቅ መንገድም ደኅና ይጭናል። ወደ ኋላ መንዳት ግን ለጎበዝ ነጂ እንኳ ፈተና ነው። በጊንጪ ዙሪያ ያለውን ጥቁር አፈር፣ ዋልካውን፣ በሐምሌ የረገጠ ሰው የምለው ይገባዋል። በዚያ ላይ የሚሻለው አክስሉ ከመካከል ወደ ኋላ የተተከለው ተሳቢ ነው፤ ምክንያቱም ከጭነቱ ጥቂቱን በጋንቾው በኩል በትራክተሩ የኋላ ጎማ ላይ ስለሚያሳርፍ ጎማው መሬቱን ይቆነጥጣል።

አሁን ወደ ፍሬን ልምጣ፤ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ዋናው እርሱ ነው። መካከለኛ ትራክተር ራሱ የሚመዝነው 3 ቶን ያህል ነው። ከኋላው የሚያስከትለው የተጫነ ተሳቢ ግን ከነክብደቱ 8 ቶን ይሆናል። በሜዳ ላይ ትራክተሩ ተሳቢውን ይጎትታል፤ በቁልቁለት ላይ ግን ተሳቢው ትራክተሩን ይገፋል። ከጌዶ ወደ ጉደር የሚወርደውን መንገድ ወይም ከጀልዱ ደጋ ወደ ጊንጪ የሚያወርደውን የሚያውቅ ሁሉ፣ የራሱ ፍሬን የሌለው 8 ቶን ከጀርባው ሲገፋው ነጂው ምን እንደሚያደርግ ያስብ። ትራክተሩ በድንገት ፍሬን ሲይዝ ተሳቢው ይጠመዘዝና ሁለቱ እንደ መቀስ ይታጠፋሉ። በየገበያው ቀን በመንገዱ ዳር የሚሄደው እግረኛና የፈረስ ጋሪ ደግሞ ስንት ነው? ስለዚህ በሁሉም ጎማ ላይ የሚሠራ ፍሬን፣ ለብቻው ሲቆም የሚይዝ የእጅ ፍሬን፣ የኋላ መብራትና አንጸባራቂ ምልክት በዝርዝሩ ውስጥ በግልጥ ይጻፉ። ፍሬን የሌለው ተሳቢ በግማሽ ዋጋ ቢቀርብ እንኳ ከውድድሩ መውጣት አለበት እላለሁ።

ስለ መገልበጫው ኀይል ጥቂት ልጨምር። ዲያሜትሩ 12 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሲሊንደር 1 ሜትር እንዲወጣ 11 ሊትር ያህል ዘይት ይጠይቃል። ይህ ዘይት የሚመጣው ከትራክተሩ ነው። ትራክተሩ ወደ ውጭ የሚለቀው ዘይት ከዚህ ካነሰ ካሶኒው እኩሌታ ላይ ይቆማል፤ ቀደም ብዬ የተናገርሁለት ተሳቢ ምሥጢሩ ይኸው ነበር። የሻጩ ጥፋት ነው የሚሉ ነበሩ፤ ነገር ግን ትራክተሩ የትኛው እንደ ሆነ የነገረው ሰው አልነበረም። ከተነሣው ካሶኒ ሥር ገብተው ግራሶ ለሚቀቡ ሠራተኞችም የብረት መደገፊያ አብሮ ይጠየቅ። ቱቦ አንድ ጊዜ ከፈነዳ ካሶኒው ማንንም አይጠብቅም።

የቀረው ቀላል ነው። ለድንጋይ የሚሆን ካሶኒ ወለሉ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ይሁን፤ የቆሻሻ ፈሳሽ ብረት ስለሚበላ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ይታጠብ። ጎማው አምቦ ከተማ ውስጥ የሚገኝ ዐይነት ቢሆን፣ ለምሳሌ እንደ አይሱዙ 7.50 በ16፣ አንድ ጎማ ሲፈነዳ አዲስ አበባ ድረስ መላክ አያስፈልግም። ስለ ኩሽኔታውም እንዲሁ።

ዋጋው ተወዷል ለሚሉኝ እውነት ነው እላለሁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ ወዲህ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። ገንዘቡ ሲጠብብ ግን ዝርዝሩ ይበልጥ መጥበቅ ነበረበት እንጂ መላላት አልነበረበትም። ደግሞም ሲሊንደሩና ጎማው ከውጭ ቢመጣ እንኳ ሻንሲውንና ካሶኒውን በአገር ውስጥ የሚበይዱ ወርክሾፖች አሉ፤ ዝርዝሩን በሚገባ ለጻፈላቸውም ይሠራሉ።

ስለዚህ የዞኑ ከተሞች ማዘጋጃ ቤቶች እያንዳንዳቸው ለየብቻ ከመድከም አንድ የጋራ ዝርዝር በባለሙያ ቢያስጽፉ፣ የርክክቡም ቀን ወረቀት ከመፈረሙ በፊት ተሳቢው ከራሳቸው ትራክተር ጋር ታስሮ፣ እርጥብ አሸዋ ተጭኖ፣ አንድ ቁልቁለት ወርዶ፣ ካሶኒው በሰው ፊት ሦስት ጊዜ ቢገለበጥ እለምናለሁ። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአምቦ