ከፋ ስትሄዱ የት ታድራላችሁ?

የኢጣልያኖቹ የበጋ በዓል ፌራጎስቶ ሲቃረብ የሮም ሐበሻ ወሬ ሁሉ ትኬት ነው። አሠሪዎች ወደ ባሕር ይወርዳሉ፣ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ልጆች ይዞ ከፊዩሚቺኖ ወደ ቦሌ መብረር ነው። አሁን አሁን ደግሞ ልጆቹን የከፋን ጫካ እናሳያቸው የሚሉ ወላጆች ያጋጥሙኛል። ደስ ይለኛል። ጠዋት ባር ገብተን ቆመን የምንጠጣው ቡና ዛሬም በዱር የሚበቅልበት ደን ነውና።

አብዛኞቹ ግን ጅማ ጥሩ ሆቴል ይዘን፣ ቀን ደርሰን እንመለሳለን ይላሉ። እዚህ ላይ አልስማማም። ከጅማ እስከ ከፋ ዋና ከተማ ቦንጋ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ቀኑ መኪና ውስጥ ያልቃል። ነሐሴ ደግሞ የዚያ አገር ዝናብ የሚበረታበት ወር ነው፤ ከአስፋልቱ የሚገነጠለው የአፈር መንገድ ይጨቀያል። ጉሬዛ ማየት የፈለገ ማልዶ ጫካው ጥግ መገኘት አለበት። ስለዚህ ቦንጋ እደሩ፤ ቢያንስ ሦስት ሌሊት። ጫካው ውስጥ ድንኳን መትከል ያማራችሁ ለጥቅምትና ለኅዳር አቆዩት፤ ያኔ ዝናቡ ይቀንሳል፣ የቡና ለቀማም አለ።

ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያቴ ግን ገንዘቡ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ የመዘገበው ከፋ 760 ሺህ ሄክታር ያህል ነው። መዝገብ ብቻውን ዛፍ አያቆምም። ዛፉ የሚቆመው ቡና ለቃሚውና ቀፎ ሰቃዩ ከደኑ የሚያገኙት፣ መሬቱ ቢመነጠር ከሚያገኙት ሲበልጥ ነው። ጅማ የከፈላችሁት የአልጋ ገንዘብ እነሱ ዘንድ አይደርስም።

ይህን እኛ የሮም ሰዎች ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። ሳቢና ገጠር ሄደን አግሪቱሪዝሞ፣ የገበሬ ቤት ማደሪያ፣ የምናድር ብዙ ነን። ኢጣልያ ለዚህ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ በ2006 ቁጥር 96 በሆነው ሕግ ተካችው። እንግዳ የሚቀበለው ገበሬው ራሱ ነው፤ ዋና ሥራውም ግብርናው ሆኖ መቀጠል አለበት። ወይራውን ነቅሎ ሆቴል የሠራ ሰው በዚያ ስም መነገድ አይችልም። ለከፋ ማር ቆራጮችም እንዲህ ያለ ሕግ ቢወጣላቸው እመኛለሁ፤ ጫካ የሚያስጎበኝ ማደሪያ ሁሉ የጫካው ሰው ሀብት ሊሆን ይገባል።

እስከዚያው መጠየቅ የእኛ ፋንታ ነው። ቤቱ የማን ነው? የሚሠሩበት ልጆችስ የአካባቢው ናቸው? የመታጠቢያው ውሃ በማገዶ የሚሞቅ ከሆነ እንጨቱ ከየት ይመጣል? ይህን መመለስ ያቃተው ባለቤት፣ ክፍሉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ እኔ ዘንድ ቦታ የለውም። የመንገዱን ሰላምም ከመነሳታችሁ በፊት እዚያው ካለ ሰው አጣሩ። ፍልሰታን የምትጾሙ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ምግብ የሚያዘጋጁት በመጨረሻ ሰዓት እንዳይጨነቁ።

አስጎብኚ ሳትይዙ ጫካ አትግቡ፤ በዋጋውም አትከራከሩ። ቡናውንና ማሩን አዲስ አበባ ተመልሳችሁ ከሱቅ ከምትገዙ፣ እዚያው ከገበሬዎቹ ማኅበር ግዙ።