«የእነሱ ምሕረት በነፃ ነው» ከማለታችን በፊት



ጉብሬ ግቢ ገብቶ ሁለት ወር የቆየ ተማሪ ይህን ክርክር ሳይሰማ አይቀርም። ዶርሙ ውስጥ ሙስሊም፣ ኦርቶዶክስና ፕሮቴስታንት አብረው ካሉ፣ ማታ አምስት ሰዓት ላይ ወሬው ከፈተና ወደ ሃይማኖት ይዞራል። ከእኛ ወገን ቶሎ የሚወረወረው ቃል ደግሞ የታወቀ ነው፦ «እናንተ ዘንድ እኮ ምሕረት በነፃ ነው! የፈለጋችሁትን ሠርታችሁ አምናለሁ ካላችሁ አለቀ!» ተናጋሪው አሸነፍኩ ብሎ ይተኛል። ጓደኛው ደግሞ የማያውቀው ሃይማኖት የራሱ እንደሆነ ተነግሮት ይተኛል።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ አባባሉ እንደ ክርክር ደካማ ነው፤ እንደ ምስክርነት ደግሞ ፍትሕ ይጎድለዋል። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ማኢዳህ 8ኛው አንቀጽ ላይ ሰዎችን መጥላታችን እንኳ ፍትሕን እንዳያስተወን አዞናል። ለምንጠላው ሰው ፍትሕ ግዴታ ከሆነ፣ አብሮን ለሚበላና አብሮን ለሚያጠና ጎረቤት እንዴት አይሆንም? በጉራጌ ምድር ደግሞ ነገሩ ከጎረቤትም ያልፋል። ከወልቂጤም ከቡታጅራም የመጣን ብዙዎቻችን በሌላው እምነት ውስጥ አጎት፣ አክስት ወይም የአጎት ልጅ አለን። ስለ ዘመድ የሚወራ ነገር በደንብ ተጣርቶ ቢወራ ይገባል።

እስቲ እናጣራ፤ በክርስትና እምነት የአምላክ ምሕረት በእርግጥ ቅድመ ሁኔታ የሌለው ነውን?

ሦስቱ ጎረቤቶቻችን ምን ይላሉ?

ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እንጀምር። በዚህች ቤተ ክርስቲያን ንስሐ ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ነው። ምእመኑ የንስሐ አባት ይይዛል፤ ኃጢአቱን ለካህኑ ይናዘዛል፤ ካህኑም ቀኖና ይሰጠዋል። ቀኖናው ጾም፣ ስግደት፣ ምጽዋት ሊሆን ይችላል። የሰው ገንዘብ የወሰደ ሰው ገንዘቡን ይዞ «ተናዝዣለሁ» ቢል አባቱ ዝም አይለውም። መምህራኑ ለዚህ የሉቃስ ወንጌልን ዘኬዎስ ይጠቅሳሉ፤ ቀራጩ ሰው በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል የገባውን ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው «በነፃ ተማረ» ቢባል እሱ ራሱ ይስቃል።

ካቶሊኮቹም ሩቅ አይደሉም። ቸሃ ለእኛ የአብሬት ሼኾች አገር እንደሆነች ሁሉ፣ እምድብር ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት መቀመጫ ናት። የካቶሊክ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1551 በትሬንት ጉባኤ እንደጸናው፣ ከንስሐ ገቢው ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ከልብ መጸጸት፣ ለካህን መናዘዝና ካሳ የሚሆን ሥራ መሥራት።

ክርክራችን በአብዛኛው የሚያነጣጥረው በፕሮቴስታንቶቹ ላይ ነው፤ ምክንያቱም «ጽድቅ በጸጋ፣ በእምነት ብቻ» የሚሉት እነሱ ናቸው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1517 የተነሣው የኃጢአት ስርየት በገንዘብ በሚቸበቸብበት ዘመን ነበር። ያን ንግድ የተቃወመባቸው 95 ነጥቦች ገና ከመጀመሪያው የሚናገሩት የአማኝ ሕይወት በሙሉ የንስሐ ሕይወት መሆን እንዳለበት ነው። ከአራት መቶ ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1937 ዲትሪክ ቦንሆፈር የተባለው ጀርመናዊ የሉተራን ፓስተር፣ ያለ ንስሐና ያለ መታዘዝ የሚሰበክን ጸጋ «ርካሽ» ብሎ አወገዘው። ናዚዎች እ.ኤ.አ. በ1945 በስቅላት ገደሉት። «በነፃ ነው፤ እንደፈለጋችሁ ኑሩ» የሚለውን ስብከት ከእኛ በፊት የተቃወሙት የራሳቸው ሰዎች ናቸው ማለት ነው።

እርግጥ በመካከላቸው ልዩነት አለ። የካልቪን ተከታዮች አምላክ የመረጠውን ሰው የመረጠው በሰውየው ላይ ባየው ነገር አይደለም ይላሉ፤ «ቅድመ ሁኔታ የለውም» ለሚለው ቃል በጣም የሚቀርቡት እነሱ ናቸው። የአርሚንዮስ ተከታዮች ግን ሰው እምነቱን ጥሎ ሊወድቅ ይችላል ብለው ይሞግቷቸዋል። የካልቪን ተከታዮችም ቢሆኑ ፍሬ የሌለውን እምነት እምነት ብለው አይቀበሉትም።

ሁሉም ወገኖች የሚደግሙት አባታችን ሆይ የሚባለው ጸሎት ራሱ የራስን ይቅርታ ለበደለን ሰው ከምናደርገው ይቅርታ ጋር ያያይዛል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ደግሞ ትልቅ ዕዳ ተትቶለት ሳለ ባልንጀራውን በትንሽ ዕዳ ያነቀው ባሪያ ምሕረቱ እንደተነሣበት ይነገራል።

ነገሩን ስናጠቃልለው፦ ክርስቲያኖች «ምሕረት ስጦታ ነው» ሲሉ ማንም በሥራው ዋጋዋን ሊከፍል አይችልም ማለታቸው ነው። ስጦታውን መቀበል ግን መመለስን፣ ማመንን፣ እንደየቤተ ክርስቲያኑም መናዘዝንና መካስን ይጠይቃል። ስጦታን በገንዘብ አለመግዛት አንድ ነገር ነው፤ እጅን ሳይዘረጉ መቀበል ሌላ ነገር ነው።

በላዔ ሰብእና መቶ ነፍስ ያጠፋው ሰው

«ታዲያ በላዔ ሰብእስ?» የሚል ወንድም እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የካቲት 16 ቀን በሚከበረው የኪዳነ ምሕረት በዓል አካባቢ ይህ ታሪክ በሰፊው ይነሣል። ተአምረ ማርያም እንደሚተርከው ሰውየው 78 ሰው የበላ ነው፤ በማርያም ስም ለለመነው በውሃ ጥም ለሚሠቃይ አንድ በሽተኛ ጥርኝ ውሃ ሰጠ፤ በሚዛን ላይም ያቺ ውሃ አመዘነች። ፕሮቴስታንቶች ይህን ታሪክ አጥብቀው ይቃወሙታል። የኦርቶዶክስ መምህራን በበኩላቸው ታሪኩ ኃጢአተኛ ተስፋ እንዳይቆርጥ የሚነገር እንጂ ለኃጢአት ፈቃድ የሚሰጥ አይደለም ይላሉ።

እኛ በማርያም አማላጅነት ላይ የተመሠረተውን ክፍል አንቀበልም፤ ይህ ግልጽ ነው። «እንዲህ ያለ ትልቅ ወንጀል በእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር እንዴት ይማራል?» ብለን መሳለቅ ግን አያምርብንም። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን የራሳችንን ሐዲስ እናስታውስ። ከበኒ ኢስራኢል የሆነ ሰው 99 ነፍስ አጠፋ። አንድ መነኩሴ «ተውበት የለህም» ሲለው እሱንም ገድሎ መቶ ሞላ። ከዚያ አንድ ዓሊም በሩ ክፍት መሆኑን፣ ነገር ግን ያን ክፉ አገር ለቆ ወደ ደጋግ ሰዎች አገር መሄድ እንዳለበት ነገረው። በመንገድ ላይ ሞተ። ወደ ደጎቹ አገር በአንድ ስንዝር ቀርቦ ስለተገኘ የእዝነት መላእክት ወሰዱት። ለተጠማ ውሻ ውሃ ቀድታ ያጠጣችውና በዚያ የተማረችው ዝሙተኛ ሴትም በሁለቱ ሰሒሖች ውስጥ አለች።

በሐዲሱ ውስጥ ያለውን ዝርዝር ልብ በሉ። ሰውየው በመቶኛው ነፍስ ላይ ቁጭ ብሎ «አላህ መሓሪ ነው» አላለም። ተነሣ፤ ሄደ። ስንዝሯ የተቆጠረችለት እየተራመደ ስለነበር ነው።

እውነተኛው ልዩነት የት ነው?

በእኛና በክርስቲያኖች መካከል ትልቅ ልዩነት አለ፤ ግን «የእነሱ ያለ ሸርጥ፣ የእኛ በሸርጥ» የሚል አይደለም። ልዩነቱ ያለው ምሕረት በምን መንገድ ትመጣለች በሚለው ላይ ነው።

በክርስትና ትምህርት የአደም ውድቀት በልጆቹ ሁሉ ላይ ጥሏል፤ ዕዳው መከፈል ነበረበት፤ ኢየሱስም በመስቀል ላይ ከፈለው። ስለዚህ ክርስቲያኑ ምሕረትን «ነፃ» የሚላት ለተቀባዩ ነው፤ ዋጋዋን ሌላ ከፍሎልኛል ብሎ ስለሚያምን ነው። «በነፃ ነው» ብለን ስንተቸው እምነቱን ጭራሽ አልነካነውም፤ እሱ ዘንድ ከእሷ የበለጠ ውድ ነገር የለምና።

እኛ ዘንድ ግን አደም (ዐ.ሰ) ተጸጸተ፤ አላህም ተውበቱን ተቀበለው። ይህ በሱረቱል በቀራህ 37ኛው አንቀጽ ላይ አለ። ተሸካሚ ነፍስ የሌላዋን ሸክም እንደማትሸከም ደግሞ ሱረቱ ነጅም 38ኛው አንቀጽ ይነግረናል። አላህ ይቅር ለማለት የማንንም ደም አይሻም። ባሪያው ለካህን መናዘዝም የለበትም፤ እንዲያውም አላህ የሸፈነለትን ወንጀል ራሱ እንዳያወጣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስጠንቅቀዋል። ስለዚህ ለዶርም ጓደኛችን የሚቀርበው ትክክለኛው ጥያቄ «አላህ ይቅር ለማለት ሌላ ሰው እንዲከፍል ያስፈልገዋልን?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ሁለቱንም ወገን ያስባል፤ እውነተኛ ውይይትም ይከፍታል።

ወደ ራሳችን ስንመለስ

በዚህ ርዕስ ላይ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። «የእነሱ ርካሽ ነው» የሚል ሰው የራሱን ሸርጦች ለመርሳት ቅርብ ነው።

አላህ በሱረቱ ዙመር 53ኛው አንቀጽ ራሳቸውን የበደሉ ባሮቹ ከእዝነቱ ተስፋ እንዳይቆርጡ፣ ወንጀልን ሁሉ እንደሚምር ይነግራቸዋል። ብዙዎቻችን ይህን በቃላችን እናውቀዋለን። ተከታዩን 54ኛውን አንቀጽ ግን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ቅጣቱ ሳይመጣ ወደ ጌታችን እንድንመለስና እንድንታዘዝ የሚያዘው እሱ ነው። ሱረቱ ኒሳእ ደግሞ በ18ኛው አንቀጽ ሞት አፋፍ እስኪደርስ እየቆየ «አሁን ተመለስኩ» ለሚል ሰው ተውበት እንደሌለው፣ በ48ኛው አንቀጽ በሺርክ ላይ ለሞተ ሰው ምሕረት እንደሌለው ይነግረናል።

ኢማም ነወዊ በሪያዱ ሷሊሒን የተውበትን ሸርጦች እንዲህ ይዘረዝራሉ፦ ወንጀሉን ማቆም፣ መጸጸት፣ ዳግም ላለመመለስ መቁረጥ። ወንጀሉ የሰው ሐቅ ያለበት ከሆነ አራተኛ ይጨመራል፤ ሐቁን ለባለቤቱ መመለስ። በኢስላም ታሪክም «ኢማን ካለ ወንጀል አይጎዳም» ያሉ ሙርጂኣዎች ነበሩ፤ ዑለማዎቻችን አጥብቀው ተቃውመዋቸዋል። ሉተራኑ ቦንሆፈር የተቃወመው ዓይነት ስንፍና እኛም ቤት ገብቶ ያውቃል ማለት ነው።

ግቢ ውስጥ ደግሞ አራተኛዋ ሸርጥ የት እንደምትጠፋ እናውቃለን። ረመዷን ሲገባ እናለቅሳለን፤ ከጓደኛ የተበደርነው 300 ብር ግን ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ እንዳለ ነው። ለተራዊሕ የመጀመሪያው ሶፍ ላይ እንቆማለን፤ በግሩፕ አሳይመንት ላይ ምንም ሳንሠራ ስማችንን ያስገባንባቸውን ልጆች ግን ዐውፍ በሉን አላልንም። ስለ አንዲት እህት የተባለውን ስክሪንሾት አድርገን አሠራጭተን በሌሊት ኢስቲግፋር እናበዛለን። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ውስጥ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከዑመታቸው ከሳሪው ማን እንደሆነ ነግረውናል፤ በቂያማ ቀን ሶላት፣ ጾምና ዘካ ይዞ የሚመጣ፣ ግን አንዱን ሰድቦ፣ የሌላውን ገንዘብ በልቶ፣ ሌላውን መትቶ ስለነበር መልካም ሥራው ለባለሐቆች ተከፋፍሎ የሚያልቅበት ሰው ነው። የሸሂድ እንኳ ወንጀሉ ሁሉ ሲማርለት ዕዳው እንደማይማርለት በሌላ ሐዲስ መጥቷል።

ይህን የአገራችን ሽማግሌዎችም ያውቁታል። በሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ሸንጎ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብረው ይቀመጣሉ። ነፍስ ያጠፋ ሰው ጉዳይ ሲመጣ የማንኛውም እምነት ተከታይ ቢሆን መንገዱ አንድ ነው፦ ጥፋቱን ማመን፣ የደም ካሳ መክፈል፣ ከዚያ እርቅ። «አምላክ ይቅር ብሎኛልና እናንተም ተዉኝ» ብሎ ከዚያ ሸንጎ የሚያልፍ የለም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃችኋለሁ። አንደኛ፣ ክርስቲያን ጓደኛችሁን ስለ እምነቱ ከመንገራችሁ በፊት ጠይቁት፤ «አንተ ዘንድ ሰው ሲበድል ምን አድርጎ ይማራል?» በሉት፣ መልሱንም እስከ መጨረሻ አድምጡ። ሱረቱ ነሕል 125ኛው አንቀጽ ያዘዘን መልካም ክርክር ከዚህ ይጀምራል። ሁለተኛ፣ ከሚቀጥለው ጁሙዓ በፊት የሰው ሐቅ ያለባችሁን ነገር በወረቀት ጻፉ፤ የሚመለሰውን መልሱ፤ ዐውፍ የሚጠየቅበትን ዐውፍ ጠይቁ። ገንዘቡ በእጃችሁ ከሌለ እንኳ ለባለቤቱ ቀን ቁረጡለት።

አላህ ተውበታችንን ይቀበለን፤ የሰው ሐቅ ይዘን ከመገናኘትም ይጠብቀን። ወሏሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።