ስዊዝ በ1935 ለምን አልተዘጋም?

ሰሞኑን በክፍል ውስጥ ስለ ስዊዝ ቦይ ስንወያይ አንድ ጓደኛችን «እንግሊዝ በ1935 ቦዩን ለጣሊያን ያልዘጋችው ውሉ እጇን ስላሰራት ነው» አለ። ብዙዎቻችን በአዎንታ ራሳችንን ነቀነቅን። እኔም ነቅንቄ ነበር፤ ማታ ላይብረሪ ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ውሉ የሚባለው በ1888 ቁስጥንጥንያ ላይ የተፈረመው ነው። ቦዩ በሰላምም በጦርነትም ጊዜ፣ ለንግድም ለጦር መርከብም፣ ባንዲራ ሳይለይ ክፍት ይሁን ይላል። ወረቀቱን ብቻ ካየን ጓደኛችን ልክ ነው። የሙሶሊኒ ወታደርና መሣሪያ በዚያ አልፎ ምጽዋ ወረደ፤ የቦዩ ኩባንያም የመተላለፊያ ክፍያውን ተቀበለ። ከኩባንያው አክሲዮን 44 ከመቶ ያህሉን ደግሞ የእንግሊዝ መንግሥት በ1875 ከግብጹ ኸዲቭ እስማኤል ገዝቶት ነበር።

ታዲያ ጁን 1940 ጣሊያን ከሂትለር ጎን ተሰልፋ ጦርነት ስታውጅ ምን ሆነ? ያው ቦይ ለጣሊያን መርከብ ዝግ ሆነ። ምሥራቅ አፍሪካ የነበረው የጣሊያን ጦር የባሕር መንገዱ ከአገሩ ተቆረጠበት፤ በ1941ም ተሸነፈ። ከውሉ ግን አንዲት ፊደል አልተለወጠችም!

«በ1940 እንግሊዝ ራሷ ተዋጊ ነበረች፣ በ1935 ግን አልነበረችም» የሚል መልስ ይኖራል። ልዩነቱን አልክድም። ነገር ግን የመንግሥታቱ ማኅበር ቃል ኪዳን በ16ኛው አንቀጹ፣ ኪዳኑን ጥሶ ጦርነት የጀመረ አባል በሌሎቹ አባላት ሁሉ ላይ ጦርነት እንደከፈተ ይቆጠራል ይል ነበር። 20ኛው አንቀጽ ደግሞ አባላቱ እርስ በርስ የገቡት ውል ከኪዳኑ ጋር ከተጋጨ ይሻራል ይላል። ጣሊያን ኪዳኑን መጣሷን ማኅበሩ ራሱ ኦክቶበር 1935 ላይ ወስኗል። እንግዲህ የሚዘጉበት ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የጠፋው ፍላጎቱ ነው። ለንደን በሜድትራንያን ላይ ከሙሶሊኒ ጋር መዋጋቱን ፈራች፤ የፈረንሳዩ ላቫል ጣሊያንን ለጀርመን መከላከያ ፈለጋት። ነዳጅ እንኳ፣ ያለ እሱ ታንክም አውሮፕላንም የማይንቀሳቀስበት ነዳጅ፣ ከማዕቀቡ ውጪ ነው የቀረው።

ስለዚህ «ውሉ አሰራቸው» የሚለውን እኔ በፈተና ወረቀት ላይ እንኳ አልጽፈውም። የሚቃወመኝ ካለ በሚቀጥለው እትም ይመልስልኝ፤ በተለይ ያ ጓደኛዬ።