ቁልፉ ማን ኪስ ውስጥ ነው?

በሶማሌ ክልል ያለችው አይሻ የነፋስ አገር ናት። 120 ሜጋዋት ያመነጫል የተባለው የነፋስ ኃይል ማመንጫ እዚህ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ነዋሪዎቹ ግን ነፋሱን ከመብራት ይልቅ የምናውቀው በእሳት ነው። ዕጣን ከሚጨስበት ዳብቃድ አንድ ፍም ወድቆ አቃል የምንለውን ጎጆ ሰሌን ከነካ፣ ጎረቤት ውኃ ቀድቶ ሳይመለስ ቤቱ ዐመድ ይሆናል።

ነርስ ነኝ። ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መርጃ ማዕከል እሠራ ነበር። አንድ ሌሊት ተረኛ ሳለሁ ከሶኬት የተነሣ እሳት የስፖንጅ ፍራሽ ያዘ። እሳት ማጥፊያውን ከግድግዳ አውርጄ እጀታውን ብጨምቅ እምቢ አለኝ። መጀመሪያ ቀለበቱ መነቀል እንዳለበት አላወቅሁም። የእሳት አደጋ ሥልጠና መውሰዴን የሚመሰክር ሠርተፍኬት ግን ነበረኝ፤ ሥልጠናው ግማሽ ቀን ስላይድ አይቶ ሻይ መጠጣት ነበር።

መራመድ የማይችሉትን እናት ያዳነቻቸው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ከነብርድ ልብሳቸው ወደ መሬት አወረደቻቸው፤ ብርድ ልብሱን በራስጌ በኩል ጨብጣ እየጎተተች አወጣቻቸውና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። የት እንደተማረችው ስጠይቃት «እህል በማዳበሪያ ስጎትት ነው ያደግሁት» አለችኝ። በሩንስ? «ጢሱ እንዳይከተለን»።

እሷን ለሥልጠናው የጠራት አልነበረም። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ሌሊት የሚገኙት ዳይሬክተሩና የክፍል ኃላፊዎቹ አይደሉም፤ አንድ ወይም ሁለት ነርስ፣ ዘበኛውና ጽዳቷ ናቸው።

«እኛ ዘንድ የአረጋውያን ማዕከል ምን ያደርጋል? አያዮን፣ አያቱን፣ ለባዳ የሚሰጥ ሶማሌ የለም» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው። አያዮ ስትታመም ግን ጤና ጣቢያ ትተኛለች፤ ልጇም አስታማሚ ሆና አልጋው ሥር ምንጣፍ ዘርግታ ታድራለች። ያቺ ልጅ መተላለፊያውን የምትዘጋ እንቅፋት ወይም ከሁላችንም የበረታች ክንድ ልትሆን ትችላለች። ልዩነቱ ሲመሽ የሚሰጣት የአምስት ደቂቃ ማሳያ ነው። ጉርማድ (ድረሱልን) ሲባል ሰው ሁሉ የሚሮጥበት አገር ነው፤ የጎደለን ሮጦ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ነው።

አዲስ አበባ 939 ይደወላል። አይሻ ላይ ተቀምጦ የድሬዳዋን የእሳት አደጋ መኪና መጠበቅ ግን ራስን ማታለል ነው። መኪናው የደረሰላቸውም ቢሆኑ ሁሉም አልዳኑም። በ2006 ዓ.ም. ጥር ወር ኬቤክ፣ ካናዳ፣ ሊል ቬርት በተባለች ከተማ የአረጋውያን መኖሪያ በሌሊት ተቃጥሎ 32 ሰዎች ሞተዋል። በራሱ ውኃ የሚረጭ መሣሪያ የነበረው በአዲሱ የሕንፃው ክፍል ብቻ ነበር።

የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ አይደለም። ሕሙማን የሚተኙበት ቤት ሁሉ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጨለማ፣ በተረኞቹ ብቻ ይለማመድ። ከሠራተኞቹ አንዱ ሕመምተኛ መስሎ ይተኛና በብርድ ልብስ ይጎተት፤ ስንት ደቂቃ እንደፈጀም ይለካ። እሳቱ አጠገብ ያለው ሰው መጀመሪያ ይውጣ፣ መራመድ የሚችለው በድምፅ ይመራ፣ የኦክስጅን ሲሊንደር ይዘጋ፣ በር ይዘጋ። እሳት ማጥፊያውን ሁሉም በየተራ ይሞክረው፤ ቀለበቱን ነቅሎ፣ ነበልባሉን ሳይሆን የእሳቱን ሥር እያነጣጠረ።

ከሁሉ በፊት ግን ዛሬ ማታ አንድ ነገር አጣሩ። በሠራሁባቸው ቤቶች ሁሉ የኋላው በር «ለሌባ» ተብሎ ሌሊት ይቆለፋል፤ ቁልፉም ዘበኛው ኪስ ውስጥ ያድራል። ኃላፊዎች ሆይ፣ ሂዱና ዘበኛው የት እንዳለ ጠይቁ።