ሒሳብ በገበጣና በእንቆቅልሽ

የወለጋ ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ ለሒሳብ እንግዳ አይደለም። ጉልቻ ሦስት፣ የፍየል ጡት ሁለት፣ የላም ጡት አራት መሆኑን ማንም ሰሌዳ ላይ ጽፎ አላስተማረውም። ሱቅ ሲላክ መልስ ቆጥሮ ይመጣል፤ ከታናሹ ጋር ቆሎ ሲካፈል እኩል አለመድረሱን ከማንም ቀድሞ ያውቃል። ክፍል ሲገባ ግን ይህ ሁሉ እንደሌለ ይቆጠርና ከአንድ እስከ መቶ በኅብረት እየጮኸ እንዲሸመድድ ይደረጋል። በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ ወይም በሻምቡ፣ ሒሳብ ከባድ ነው የሚለው ወሬ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በወለጋ የንባብ ትምህርት የተሻለ አጀማመር ነበረው። አስቴር ገኖና ኦኔሲሞስ ነሲብ፣ ሁለቱም በልጅነታቸው በባርነት ከአገራቸው ተወስደው የነበሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ምጽዋ አጠገብ ያሳተሙት የኦሮምኛ ማንበቢያ አስቴር ከልጅነቷ ባስታወሰቻቸው ተረቶች፣ እንቆቅልሾችና ዘፈኖች የተሞላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ወለጋ ሲመለሱም ያንኑ ይዘው በነቀምቴ ማስተማር ጀመሩ። ልጁ ፊደል የቆጠረው ከእናቱ አፍ በሰማው ተረት ነው ማለት ነው። ሒሳብ እንዲህ ዓይነት ዕድል አልገጠመውም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ በማድረጉ የዛሬ የነቀምቴ ልጅ ሒሳብን በኦሮምኛ ይማራል። ቋንቋው ወደ ቤት ቀረበ፤ የማስተማሪያ ዘዴው ግን ሰሌዳው ላይ እንደቀረ ነው።

ከደጅ ጨዋታዎች ሁሉ ለሒሳብ የሚቀርበው ገበጣ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ላይ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን ገበጣዎች አሰባስቦ ሲያሳትም የአጨዋወቱ ዓይነት እጅግ ብዙ ሆኖ ተገኝቷል። በአንደኛው ዓይነት በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ይቆፈርና በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር ይገባል። ከእንጨት የተጠረበ ገበታ ባይኖር መሬት ላይ በጣት መቆፈር ይበቃል።

ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት መምህሩ “በጠቅላላው ስንት ጠጠር አለ?” ብሎ ቢጠይቅ ክፍሉ በሦስት ይከፈላል። አንዱ ልጅ ከአንድ ጀምሮ እያንዳንዱን ጠጠር እየነካ እስከ 48 ይቆጥራል። ሌላዋ 4፣ 8፣ 12 እያለች በአራት በአራት ትሄዳለች። ሦስተኛው አንዱን ረድፍ ብቻ ቆጥሮ 24 ሲያገኝ ሌላውም ያው ነው ይልና እጥፍ ያደርገዋል። ሦስቱም ትክክል ናቸው። ጥሩ መምህር መልሱን ሰምቶ አያልፍም፤ “አንተስ እንዴት አወቅህ?” ብሎ እያንዳንዱ መንገዱን ለጓደኞቹ እንዲያስረዳ ያደርጋል። በአንድ በአንድ የቆጠረው ልጅ በአራት በአራት መቁጠር እንደሚቀል የሚገባው ያኔ ነው፤ ማባዛት የሚባለውን ነገር ስሙን ሳይሰማ ጀመረው።

ጠጠሩ መታደል ሲጀምር ጥያቄው ይጠልቃል። ጀማሪ ተጫዋች የመጨረሻው ጠጠር የት እንደሚወድቅ የሚያውቀው አድሎ ሲጨርስ ነው። የለመደው ሳያነሳ አይቶ ያውቃል። ከአንድ ጉድጓድ 12 ጠጠር ተነስቶ ከቀጣዩ ጉድጓድ ጀምሮ አንድ አንድ ቢታደል የመጨረሻው ዞሮ የተነሳበት ጉድጓድ ይገባል። 14 ቢሆን ሁለት ጉድጓድ አልፎ ይወድቃል። 14ን ለ12 ሲያካፍሉ 2 ይቀራል የሚለው ትምህርት ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ልጁ እዚህ ቀሪውን የሚፈልገው ለማሸነፍ መሆኑ ነው።

መሬት ላይ ሣጥን ተሥሎ በአንድ እግር የሚዘለልበት ሰኞ ማክሰኞም ከዚህ አይርቅም። ሮበርት ሲግለርና ጊታ ራማኒ የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ የድሃ ቤተሰብ ሕፃናትን ከ1 እስከ 10 ቁጥር በተደረደረበት ቀላል የሣጥን ጨዋታ አጫውተው ነበር፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ፣ በየጊዜው ለሩብ ሰዓት ያህል። የሕፃናቱ የቁጥር ግንዛቤ ተሻሻለ፤ ከዘጠኝ ሳምንት በኋላም አልጠፋም። ያንኑ ጨዋታ በቁጥር ፋንታ ቀለም በተቀባ ሣጥን የተጫወቱት ይህን ለውጥ አላሳዩም። እንግዲህ በትምህርት ቤት ግቢ ሰኞ ማክሰኞ ሲሣል ቁጥር መጻፍ የኖራ ዋጋ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ተረት ሌላው መግቢያ ነው። ነብር፣ ፍየልና ጎመን ይዞ ወንዝ የሚሻገረውን ሰው የማያውቅ ልጅ ጥቂት ነው። ታንኳው ከሰውየው ሌላ አንድ ብቻ ይይዛል፤ ሰውየው ከሌለ ነብሩ ፍየሏን፣ ፍየሏ ጎመኑን ትበላለች። አውሮፓ ውስጥ ይኸው ችግር ነብሩ በተኩላ ተተክቶ በስምንተኛው መቶ ዘመን በኖረው ሊቅ በአልኩዊን ስም በሚታወቀው የጥያቄዎች ስብስብ ይገኛል። ወንዙ ዴዴሳ ነው ተብሎ ሦስት ልጆች ነብር፣ ፍየልና ጎመን ሆነው ሲቆሙ ክፍሉ በአንድ ጊዜ ይነቃል። ሁሉም የሚሰናከሉት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ አንዴ ያሻገሩትን መልሶ ማምጣት ይቻላል ብሎ የሚያስብ የለም። ፍየሏን መልሶ የማምጣቱ ሐሳብ ከአንዱ ልጅ አፍ ሲወጣ መንገዱ ይከፈትና በሰባት ጉዞ ይጠናቀቃል። ነብሩን ከጎመኑ አስቀድሞ ማሻገርም ጎመኑን ማስቀደምም ያስኬዳል። እዚህ ላይ መምህሩ መልሱን ቀድሞ ከተናገረ ትምህርቱ አለቀ። በእንቆቅልሽ ወግ፣ በኦሮምኛው ሂቦም ቢሆን፣ ጠያቂ ሲጠይቅ መላሹ እስኪያስብ ይጠበቃል፤ ብዙ የሒሳብ ክፍሎች ይህን ትዕግሥት አጥተዋል።

ገበያ ላይ ማንጎ የሚሸጥ ልጅ አንዱን በ20 ብር ሒሳብ ሦስት ሸጦ መቶ ብር ሲሰጠው ከ60 ተነስቶ 70፣ 80፣ 90፣ 100 ብሎ 40 ይመልሳል። ያው ልጅ ደብተር ላይ 100 ሲቀነስ 60 ሲባል “ከጎረቤት መበደር” የሚለው ሕግ ይጠፋበታል። እ.ኤ.አ. በ1985 ብራዚል ሬሲፌ ከተማ ውስጥ በአምስት ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል፤ ሲሸጡ 98 በመቶ ያህል ትክክል የነበሩት፣ ያው ስሌት በወረቀት ሲቀርብላቸው ወደ 37 በመቶ ወረዱ። መምህሩ የገበያውን መንገድ ሰሌዳ ላይ ጽፎ “ይህም መቀነስ ነው” ቢላቸው ሁለቱ ይገናኙ ነበር።

ሦስተኛና አራተኛ ክፍል ለደረሱት የራሳችን ዘመን አቆጣጠር ጥሩ የምርመራ መስክ ነው። የ2018 እንቁጣጣሽ ሐሙስ ዋለ፤ የ2019 ዓርብ ይውላል። ልጆቹ 365 በ7 ሲካፈል 1 እንደሚቀር ራሳቸው ይድረሱበት። የ2020ው ግን እሑድ ነው፤ ቅዳሜ የት ሄደ? ጳጉሜ ስድስት የምትሆንበትን ዓመት ፈልገው ሲያገኙ መልሱን አይረሱትም።

ለጨዋታ የሚሰጠው ምስጋና ገደብ አለው። ጥያቄ የሌለበት ገበጣ የዕረፍት ሰዓት ጨዋታ ሆኖ ይቀራል፤ የማባዣ ሰንጠረዥም በመጨረሻ በቃል መያዙ አይቀርም። ከ60 በላይ ልጅ በታጨቀበት ክፍል እያንዳንዱን “እንዴት አወቅህ?” ማለት ቀላል አይደለም፤ በቡድን ማስቀመጥና በየቀኑ የተወሰኑትን መስማት ግን ይቻላል። የሚያስቸግረው ሌላው ወገን ወላጅ ነው። ለአጸደ ሕፃናት የከፈለ ወላጅ የተሞላ ደብተር ማየት ይሻል፤ እርሳስ መያዝ ያልጠና የአራት ዓመት ልጅ እስከ መቶ እንዲጽፍ የሚደረገውም ለዚህ ነው። ይህ ትምህርት ሳይሆን የደረሰኝ ምትክ ነው።

በጸጥታ ችግር ትምህርታቸው ተቋርጦ ዕድሜያቸው ገፍቶ ወደ ክፍል ለተመለሱ የወለጋ ልጆች ደግሞ እንዲህ ያለው አስተምህሮ ይበልጥ ያስፈልጋል። ከትንንሾች ጋር ተቀምጦ መደመር መማር ያሳፍራቸዋል፤ በገበጣና በገበያ ሒሳብ ግን ከማንም አያንሱም።

ነቀምቴ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅም ዩኒቨርሲቲም ያላት ከተማ ናት። እጩ መምህራን ለተግባር ልምምድ ሲወጡ ቢያንስ አንዱን የሒሳብ ክፍለ ጊዜ በገበጣ፣ በእንቆቅልሽ ወይም በገበያ ስሌት እንዲያስተምሩ፣ የሚመዘኑትም ልጆቹ በሰጡት ማብራሪያ እንዲሆን ቢደረግ አዲስ መጽሐፍም አዲስ በጀትም አይጠይቅም። የመጪው ዓመት የልምምድ መርሐ ግብር ሲወጣ ኃላፊዎቹ ይህን ያስቡበት።