«ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ማለት ይብቃን

አዲስ ጌም በወጣ ቁጥር ከተጫዋቾች አፍ የሚቀድመው ጥያቄ «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» የሚል ሆኗል። «ካርታውስ ምን ያህል ይሰፋል?» ይከተላል። ኩባንያዎቹም ይህን አይተው ርዝመትን ማስታወቂያ አድርገውታል። በ2022 መጀመሪያ (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) የፖላንዱ ቴክላንድ «ዳይንግ ላይት 2» ሊወጣ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ጌሙን ሙሉ በሙሉ አሟጥጦ ለመጨረስ ቢያንስ 500 ሰዓት እንደሚጠይቅ አስታወቀ። ከዋርሶ ማድሪድ በእግር ለመሄድ የሚፈጀውን ያህል ጊዜ ነው ሲልም አከለበት። ብዙ ተጫዋቾች ሲያጉረመርሙ፣ ዋናው ታሪክ ብቻውን 20 ሰዓት ገደማ እንደሚወስድ ማብራራት ግድ ሆነበት።

ይህ መለኪያ የምንወዳቸውን ጌሞች እያበላሸብን ነው።

የስፋት ወዳጆች ሁልጊዜ በማስረጃነት የሚጠሩትን «ዘ ዊቸር 3»ን እንውሰድ። በ2015 ሲዲ ፕሮጀክት ሬድ ያወጣው ይህ ጌም እኔም በጣም የምወደው ነው። ቬለን በተባለው ረግረጋማ ምድር አንድ ባሮን አለ፤ ሰካራም ነው፣ ሚስቱን ይደበድባል። ሚስቱና ልጁ ጠፍተውበት የጌሙን ዋና ገጸ ባሕርይ ጌራልትን አፈላልግልኝ ይለዋል። ፍለጋው እየገፋ ሲሄድ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ሳለች ደብድቧት ፅንሱ እንደጨነገፈ ይታወቃል። በወጉ ያልተቀበረው ጨቅላም ጭራቅ ሆኖ ተነሥቷል። ተጫዋቹ ይህን መንገድ ከመረጠ፣ ባሮኑ ያንን አስፈሪ ፍጡር በክንዱ ታቅፎ በሌሊት ወደ ቤቱ ይወስደዋል፣ ስም ያወጣለታል፣ ከደጃፉ ሥር ይቀብረዋል። ጌራልት ከጎኑ እየሄደ ጨቅላው በተነሣበት ቁጥር በአስማት ያረጋጋዋል። ከተጫዋቹ የሚጠበቀው መራመድና መጠበቅ ነው፤ የሚፈጀውም ጥቂት ደቂቃ። በጌም ውስጥ ጥፋተኛ ሰው የጥፋቱን ውጤት እንዲህ በገዛ እጁ ሲሸከም ያየሁበት ሌላ ቦታ የለም።

በዚያው ጌም ውስጥ ስኬሊጌ የሚባሉ ደሴቶች አሉ። በዙሪያቸው ያለው ባሕር በካርታው ላይ በጥያቄ ምልክት ተሞልቷል። ተጫዋቹ በጀልባ ይጓዛል፣ ከላይ የሚያንዣብቡትን ጭራቆች በቀስት ይመታል፣ ኮንትሮባንዲስቶች የደበቁትን ዕቃ ይከፍታል፣ የማይጠቅመውን ሰይፍ ይወስዳል፣ ወደ ቀጣዩ ምልክት ይሄዳል። ብዙ ሰዓት እንዲሁ ያልቃል።

በሰዓት ቆጠራ ግን የባሮኑ አንድ ደቂቃና የባሕሩ አንድ ደቂቃ እኩል ናቸው። የባሮኑን ታሪክ ለመሥራት ደራሲ፣ ተዋናይ፣ ድምፅና እንቅስቃሴ የሚያሳምር ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ሁሉም ውድ ነው። አንዴ የተሠራን ሣጥን በባሕሩ ላይ ደጋግሞ መበተን ግን ርካሽ ነው። ገዢው በሰዓት እየቆጠረ ከከፈለ፣ ኩባንያው የሚያበዛው ርካሹን ነው። እንግዳ በዛ ተብሎ ወጡ ላይ ውሃ እንደመጨመር ያለ ነገር ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። ዩቢሶፍት በ2018 ባወጣው «አሳሲንስ ክሪድ ኦዲሲ» ዋናውን ታሪክ ለመቀጠል ሌቭል ማሳደግ ግድ ነው፤ ሌቭል የሚያድገው ደግሞ ተመሳሳይ ምሽጎችንና ጥቃቅን ሚሽኖችን በመፈጸም ነው። ይኸው ኩባንያ የልምድ ነጥብን በቋሚነት በ50 በመቶ የሚጨምር ማፍጠኛ በ10 ዶላር ገደማ በጌሙ ውስጥ ይሸጣል። መንገዱን ያስረዘመው አካል አቋራጩን ሲሸጥ ርዝመቱ ለተጫዋቹ የተሰጠ ስጦታ አይደለም።

የመኪና ውድድር ጌሞችም አልተረፉም። በ2004 ክራይቴሪየን በሠራው «በርንአውት 3» ተፎካካሪውን ገፍቶ ከግንብ ያላተመ ሰው ፍጥነት የሚሰጠው ጉልበት ይጨምርለታል። ራሱ ቢጋጭ እንኳ የተሰባበረ መኪናውን በአየር ላይ እየመራ ባላጋራው ላይ ሊያሳርፈው ይችላል። ውድድሩ በደቂቃዎች ያልቃል፤ የባከነች ሰከንድ ግን የለችም። በ2008 ይኸው ስቱዲዮ «በርንአውት ፓራዳይዝ»ን ሲያወጣ ከተማውን በሙሉ ክፍት አደረገው። ውድድሩ ከአንድ የትራፊክ መብራት ይጀምርና ራቅ ብሎ ያልቃል፤ ተሸንፎ እንደገና መሞከር የፈለገ ሰው ወደ መጀመሪያው መብራት ነድቶ መመለስ ነበረበት። «እንደገና ጀምር» የሚለው ምርጫ የተጨመረው ጌሙ ከወጣ በኋላ ነው። የሰፊውን ካርታ ዋጋ የከፈለው ተጫዋቹ ነበር።

«ገንዘቤን አውጥቼ በሁለት ቀን እንዲያልቅብኝ አልፈልግም» የሚለውን ሰው እረዳዋለሁ። አዲስ ጌም 60 እና 70 ዶላር በሚሸጥበት ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም በየሰፈራችን ያሉትን የፕሌይስቴሽን ቤቶች ተመልከቱ፤ እዚያ የሚከፈለው በጨዋታ ነው፣ ወረፋ የሚጠብቀውም ልጅ ብዙ ነው። አንድ የእግር ኳስ ግጥሚያ ስላጠረ ገንዘቤ ባከነ የሚል አይሰማም። ደግሞም ጥሩ ጌም ደጋግመው ይጫወቱታል፤ በ2005 የወጣውን «ሬዚደንት ኢቭል 4»ን ከዳር እስከ ዳር ደጋግመው የጨረሱት ብዙዎች ናቸው።

ስፋትም ቢሆን በኪሎ ሜትር ብቻ አይሰማም። በ2011 «ዳርክ ሶልስ» ተጫዋቹን ፋየርሊንክ ከሚባለው መነሻው አስነሥቶ በግንቦችና በድልድዮች፣ ሞትን እያሳየ ወደ ላይ ያወጣዋል። በጣም ርቄያለሁ ብሎ ሲያስብ ከአንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አሳንሰር ያገኛል፤ ወርዶ ሲከፈት ያው ፋየርሊንክ ነው። ለካ ከመነሻው በላይ ሲዞር ነበር። የጌሙ ዓለም ዛሬ ከሚወጡት ከብዙዎቹ እጅግ ያነሰ ነው፤ እያንዳንዱን ደረጃና በር ግን ተጫዋቹ በቃሉ ይይዘዋል።

ጌም የምትገመግሙ ወዳጆቼ፣ በዩቲዩብም ሆነ በቴሌግራም የምትሠሩ፣ እባካችሁ የሰዓቱን ቁጥር ከርዕሳችሁ ላይ አንሡት። በምትኩ የትኛው ክፍል ቢቀነስ ጌሙ ይሻል እንደነበር ንገሩን። ገንዘቡን ለሚያወጣ ሰው የሚጠቅመው መረጃ እሱ ነው።