የራሳችንን ኑሮ ማን ይጻፈው?

ዩኒቨርሲቲ የምትገቡ ወንድሞችና እህቶች፣ አንድ ነገር ልብ በሉ። የጎጃም ገበሬ በአባቱም በእናቱም ዘር ቆጥሮ ርስት እንዴት ይጠይቅ እንደነበር ማወቅ የሚፈልግ ሰው ዛሬም ከሚያገላብጣቸው መጻሕፍት አንዱ በ1973 እ.ኤ.አ. የታተመው የአሜሪካዊው አለን ሆበን ሥራ ነው። ሰውዬው ደጋ ዳሞት ድረስ ሄዶ፣ ከገበሬው ጋር ኖሮ ጻፈው። እሰየው! የእኛስ ልጅ የት ነበር?

«ባህላችን ጠፋ» ብሎ ፌስቡክ ላይ መጮህ ቀላል ነው። አንትሮፖሎጂ ግን ከሰው ጋር እየኖሩ፣ እየጠየቁና እየሰሙ መመዝገብ ነው። ትምህርቱ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል። እዚያው ስድስት ኪሎ በ1963 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ፤ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም ያለው።

ለመስክ ሥራ ደግሞ የግድ ሩቅ አይኬድም። ልደታን እዩ። ድሮ ሰፈር የነበረው ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል፤ ጎረቤት ተበትኗል። እድሩስ? ድንኳኑንና መዝገቡን ማን ያዘው? የግንቦት ልደታ ንፍሮ ደጅ ላይ ነበር የሚቀቀለው። አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ዛሬ የት ይቀቅለዋል? ከማን ጋርስ ይቀምሰዋል? እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል።

መልሱን የሚያውቁት እናቶችና የእድር ዳኞች ዕድሜያቸው ገፍቷል። ዘንድሮ ያልጠየቅናቸውን ለከርሞ ላናገኛቸው እንችላለን። ስለዚህ ደብተር ይዛችሁ ውረዱ፤ ደስ ያላችሁን ብቻ ሳይሆን ያያችሁትን ሁሉ ጻፉ።